የአልድዎርዝ ቤት ሁለት ደረጃዎች

የአናጢዎቹ ጋሪ ከወንዙ ድልድይ ላይ ብቅ ሲል ኬዝያ ፕሩት አየችው። አየችውና የዝይ ሥጋ የያዘውን ቅርጫት ወደ ክንዷ ከፍ አድርጋ፣ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ ዳገቱን ተያያዘችው። ጋሪው ላይ የተጫነውን ለማወቅ ደግማ ማየት አላስፈለጋትም። ረጃጅም መጋዞች፣ የተጠመጠመ ገመድና ሰው የሚያህል የብረት መፈንቀያ ነበር። ለሰኞ የተቀጠረው ነገር ዛሬ ቅዳሜ ሊሆን ነው።

“እንዴ ፕሩት!” አለ ጋሪውን ከፊት የሚስበው ቶቢት ስኬልስ። ስታምፎርድ ከተማ ውስጥ እሱ ያልጠገነው በር፣ እሱ ያልቀለደበት ሰው የለም። “ምን ያስሮጥሻል? በዚህ ዕድሜሽ ባል አገኘሽ እንዴ?”

“ባል ቢሆንማ ቁልቁል ነበር የምሮጠው።”

ጋሪውን ከኋላ የሚገፉት ሁለት ሰዎች እስኪያስላቸው ሳቁ። ኬዝያ ግን አልሳቀችም፤ እያለከለከች ከስኬልስ ጎን ሆነች።

“ሰኞ አልነበር ወይ የተባለው?”

“ሰኞ ነበር። ሰኞ ግን የሱቁ ትልቅ መስተዋት ከባቡር ጣቢያ ይመጣል። ነጋዴው ፌን ‘አቧራና መስተዋት ባንድ ቀን አላገናኝም’ አለ። ስለዚህ ደረጃው ዛሬ ይወርዳል።” ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ቀልዱን ግን አልተወም። “እመቤትሽ አሮጊቷ ምን ልትሆን ነው? በኋላው ደረጃ አልወርድም ትላለች አሉ። የፊተኛው ከፈረሰ ሌላ የላትም። የኋላው ደግሞ ሬሳ ሣጥን አያስዞርም፤ ለክቼዋለሁ። የሞተች እንደሆነ በገመድ አስረን በመስኮት ነው የምናወርዳት፣ እንደ ፒያኖ።”

ኬዝያ ይህንኑ ስታስበው ነው የከረመችው። ቅርጫቱን ወደ ሌላው ክንዷ አዛውራ ቀድማቸው ሄደች።

ቤቱ ያለው የኮረብታው ወገብ ላይ ነው። የእመቤቷ የሚስ አልድዎርዝ አያት ማር ከሚመስለው ያገሩ ድንጋይ ያሠሩት ቤት ነው። ከለንደን ወደ ሰሜን የሚወጣ ሠረገላ ሁሉ በዚያ ዳገት ያልፍ በነበረበት ዘመን ተሳፋሪው አንገቱን በመስኮት እያወጣ “ይኼ የማን ነው?” ይል ነበር። የባቡሩ ሐዲድ ሲዘረጋ ሠረገላው ቀረ። የመንገደኛ ማደሪያዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ፤ ፈረስ ይለወጥባቸው በነበሩ ግቢዎች ሣር በቀለ። ከዚያም የሚስ አልድዎርዝ ወንድም ሞቱና ለንደን የሚኖረው የወንድማቸው ልጅ ቤቱን ለጨርቅ ነጋዴው ለኦባዲያ ፌን ሸጠው። አክስቱን ጨርሶ አልረሳም። በሕይወት እስካሉ ድረስ የላይኛው ፎቅ ሁለት ክፍሎችና ከታች ያለው ማድ ቤት የሳቸው ይሁን ብሎ ተዋዋለ። ከክፍሎቹ በምን እንደሚወረድ ያሰበ ግን አልነበረም።

ቤቱ ሁለት ደረጃ ነበረው። የፊተኛው ሰፊ ነው፤ ከዋናው በር ፊት ለፊት ተነሥቶ በትልቅ መስኮት ሥር ይዞርና ወደ ላይ ይወጣል። በሱ የሚወጡትና የሚወርዱት አልድዎርዞችና እንግዶቻቸው ናቸው። የኋላው ከማድ ቤቱ ይነሣል። ጠባብ ነው፣ ጨለማ ነው፣ መስኮት የለውም፤ በሱ የሚወጣው ከሰልና ውኃ የተሸከመ ሠራተኛ ነው። ኬዝያ በልጅነቷ በዚያ ቤት ከተቀጠረች ጀምሮ በፊተኛው ደረጃ ያለ መጥረጊያ ወይም ያለ ሰም ጨርቅ ቆማበት አታውቅም። ሚስ አልድዎርዝ ደግሞ የኋላውን በር ከፍተው አይተው አያውቁም። ይህን ማንም አልጻፈውም፤ መጻፍም አላስፈለገውም።

አሁን የፊተኛው ደረጃ የሚወርደው ሱቅ ውስጥ ነው። የምግብ አዳራሹና የእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ፈርሶ አንድ ሆኗል። የሚስ አልድዎርዝ አባት፣ ዳኛው፣ ቆመው እንግዳ ይቀበሉበት በነበረው ቦታ ረጅም ባንኮኒ ተዘርግቷል፤ ጣቃው በጣቃ ላይ ተደራርቧል። ሚስ አልድዎርዝ በሱቅ አላልፍም አሉ፤ በሠራተኛ ደረጃም አልወርድም አሉ። ከፋሲካ እስከዚህ እስከ መስከረም መጨረሻው የሚካኤል በዓል ሰሞን እግራቸው ከደጃፍ አልወጣም፤ ቅዱስ ቁርባንም አልተቀበሉም። ያ ሁሉ ሲሆን ደረጃው ቢያንስ በቦታው ነበር። አንድ ቀን ልባቸው ይራራል እያለች ኬዝያ ተስፋ ታደርግ ነበር። ዛሬ ግን ተስፋው ራሱ በመጋዝ ሊቆረጥ ነው።

ኦባዲያ ፌንን ያገኘችው ባንኮኒው አጠገብ፣ በጥርሱ ክር ይዞ ከሻጮቹ ለአንዷ የጨርቅ አቆራረጥ ሲያሳይ ነው። ቀጭን፣ ራሰ በራ፣ ጸሎተኛ ሰው ነበር። ክሩን ከአፉ አወጣና ጎንበስ አለላት።

“ሚስ ፕሩት፣ ደኅና አደሩ።”

ሌላ ሰው “እርስዎ” ብሏት ስለማያውቅ ሁልጊዜ ከኋላዋ የቆመ ሰው ያለ ይመስላት ነበር።

“ሚስተር ፌን፣ ደረጃውን እስከ ሰኞ ይተውልኝ።”

“ሰኞ አልችልም። አይቆጡኝ።”

“እንግዲያው እስከ ቀትር። ላወርዳቸው ነው። በገዛ አባታቸው ደረጃ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይውረዱ። አንድ ጊዜ በዚህ በኩል ከወጡ ከዚያ ወዲያ የኋላው ደረጃ አይከብዳቸውም፤ እኔ አውቃቸዋለሁ።”

ፌን በሩ ላይ ጋሪያቸውን ያቆሙትን አናጢዎች አየ፤ ደረጃውንም አየ። “እኔም እኮ ሰው እስር ቤት አስገባሁ ብዬ ማደር አልወድም” አለ። “እስከ ቀትር ይሁን። ሻጮቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይቆማሉ። ማንም አያያቸውም። ሌላ ምን ላድርግ?”

ኬዝያ ዙሪያውን ቃኘች። ቀይና ሰማያዊው ጣቃ፣ በገመድ የተንጠለጠለው ጥብጣብ፣ ዋጋ የተጻፈባቸው ካርቶኖች ሁሉ ዓይን ይወጋሉ። “ይኼን ሁሉ መሸፈን ቢቻል” አለች። “ዓይናቸው ሸቀጥ ላይ ባያርፍ።”

“በኔ ቤት እንጀራ ይጠፋ እንደሆነ እንጂ ጨርቅ አይጠፋም” አለ ፌን። የተናገረውን ቀልድ የወደደው መሰለ። ወዲያው አንድ ሙሉ ጣቃ ነጭ አቡጀዴ ከመደርደሪያ አወረደና ጫፉን ለሻጮቹ አቀበላቸው። ጨርቁ እየተሳበ፣ እየተቀደደ፣ በባንኮኒውም በመደርደሪያውም ላይ እየተንሳፈፈ ሲወርድ ኬዝያ ቆማ አየች፤ ልቧ ሞላ። በኋላው ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየረገጠች ወጣች።

ሚስ አልድዎርዝ የጓሮውን አትክልት በሚያሳየው መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ጀርባቸው የወንበሩን መደገፊያ የማይነካ ሴት ናቸው።

“ሮጠሻል” አሉ ሳይዞሩ። “ትንፋሽሽ ካንቺ ቀድሞ ነው የገባው።”

“እሜቴ፣ ደረጃው ዛሬ ሊፈርስ ነው።”

ከታች የመጎተትና የማንኳኳት ድምፅ ይሰማል።

“የሰው ንብረት ነው፤ ያፍርሱት።”

“እስከ ቀትር ይቆያሉ። ይውረዱና ነፋስ ይቀበሉ። ነገ ደግሞ እሑድ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን አብረን…”

“በጨርቅ ሱቅ ውስጥ አልፌ ወደ እግዚአብሔር ቤት አልሄድም።”

“ጌታችንም በነጋዴዎች መካከል አልፏል፣ እሜቴ።”

“አልፏል። ጅራፍ ይዞ!”

ኬዝያ ሳቋ አመለጣት፤ እሳቸውም ከንፈራቸው ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ሊቆጡ ሲገባቸው ስላልተቆጡ ኬዝያ ደፈረች።

“በኋላው ደረጃስ?”

“የእናቴ ውሻ እንኳ በሱ ወርዶ አያውቅም።”

“እንግዲያው ስለኔ ይውረዱ” አለች ኬዝያ። “ያ ሁሉ ሰንበት ብቻዬን ሄድኩ። ከኋላ ካለው የሠራተኞች መቀመጫ ሆኜ የአልድዎርዞችን መቀመጫ ባዶውን አያለሁ። ሰው ሁሉ ‘እንዴት ናቸው?’ ይለኝ ነበር፤ አሁን መጠየቁንም ተዉት። በሕይወት ያሉ ሰው ሲረሱ ማየት ከበደኝ።”

ሚስ አልድዎርዝ ከዘራቸውን አነሡ።

“ወይን ጠጁን ቀሚስ አውጪው” አሉ። “የምወርድ ከሆነ እንደ ሰው ነው የምወርደው።”

አለበሰቻቸው። ቁልፎቹን ከአንገት እስከ ወገብ ቆለፈችላቸው። ባርኔጣቸውን አሰረችላቸው፣ ሻላቸውን አደረገችላቸው፣ ጓንቱን ራሳቸው አጠለቁ። የጸሎት መጽሐፉን ኬዝያ ያዘች፤ ሲወጡ እሷ መያዟ የቤቱ ልማድ ነበር።

ሚስ አልድዎርዝ የፊተኛውን ደረጃ መያዣ ሲጨብጡ ኬዝያ ከኋላቸው ቆመች። መያዣው በብዙ እጅ ታሽቶ እንደ መስተዋት የሚያበራ ጥቁር እንጨት ነበር። አንድ ደረጃ ወረዱ። ቆሙ። ሌላ ወረዱ። ከዘራው ኳ ይላል፣ የሐሩ ቀሚስ ይንሾካሾካል፤ ከዚያ ውጭ በቤቱ ውስጥ ድምፅ አልነበረም። ፌን እንኳን ሻጮቹን፣ አናጢዎቹንም ኮፍያቸውን አስወልቆ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አስዞሯቸዋል። የሚስ አልድዎርዝ አንገት ቀና እያለ ሄደ። ኬዝያ በሆዷ፣ ‘ተመስገን፣ ተመስገን’ ትላለች።

ትልቁ መስኮት ሥር፣ ደረጃው የሚዞርበት ላይ ደረሱና ወደ ታች አዩ።

ምድር ቤቱ ሁሉ ነጭ ነበር። ግድግዳው ነጭ፣ ባንኮኒው ነጭ፤ ጥቁር የለበሱ ሴቶች ፊታቸውን አዙረው፣ ራሳቸውን ደፍተው ቆመዋል። ቀዝቃዛ ብርሃን በላያቸው ላይ ተኝቷል።

ሚስ አልድዎርዝ ከዘራቸውን አየር ላይ እንደያዙ ቀሩ።

“ማን ሞተ?” አሉ።

“ማንም አልሞተም፣ እሜቴ። ይውረዱ።”

“ቤት እንዲህ የሚሸፈነው ቤተሰቡ ሲሄድ ነው” አሉ፤ ድምፃቸው ለኬዝያ ብቻ የሚሰማ ነበር። “ዕቃው ሁሉ ይሸፈንና በሩ ይቆለፋል። አባቴ የሞቱ ጊዜ በዚህችው ቦታ ቆሜ አይቼዋለሁ።” ቀስ ብለው ዞሩ። “ይኼን ያደረገው ነጋዴው ነው?”

ኬዝያ በፌን ልታሳብብ ትችል ነበር። “እኔ ነኝ” አለች። “እኔ ነኝ ያልኩት።”

“አንቺ።” ያንን ቃል ሲናገሩ በፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢኖር ይሻላት ነበር። “እንግዲያው ቤቱን ዘግተሽብኛል።”

አልፈዋት ወደ ላይ ወጡ። ኬዝያ እስከ በራቸው ተከተለቻቸው። በሩን ሲዘጉ፣ “ሳልጠራሽ አትምጪ” አሉ።

በዚያ ቤት መጥራት ማለት መደወል ነው። በእያንዳንዱ ክፍል ገመድ አለ፤ ገመዱ ሽቦ ይስባል፤ ሽቦው በግድግዳ ውስጥ ለውስጥ ሄዶ ማድ ቤት የተሰቀለውን ደወል ያንቀጠቅጣል። ደወሉ ከጮኸ ሠራተኛው ይወጣል፤ ካልጮኸ አይወጣም። በኋላው ደረጃ ወርዳ ማድ ቤት ስትገባ ቀትር ነበር። ስኬልስ ከደረጃው ጎን ያለውን የግድግዳ ሳንቃ መፈንቀል ሲጀምር የመጀመሪያው ስንጥቅታ እስከ ምድጃው ድረስ ተሰማ።

ዝዩን ከፖም ጋር ጣደችው። በሚካኤል በዓል የሚበላው ዝይ ነው፤ ሚስ አልድዎርዝ ከልጅነታቸው ጀምሮ አጓድለውት አያውቁም። መጋዙ ጀመረ። ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ያቆማል፤ ከዚያ አንድ ከባድ ነገር ይወድቅና የሳህኑ መደርደሪያ ይንቀጠቀጣል። ስኬልስ አይዘፍንም፣ አይቀልድም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ “ቀስ! ቀስ በሉ፣ መያዣው እንዳይጫር” ሲል ተሰማ።

ኬዝያ ከደወሉ ሥር ተቀምጣ ጠበቀች። መጀመሪያ፣ ይቆጡ፣ መብታቸው ነው አለች። ዝዩ ሲበስል፣ አሁን ይጠሩኛል አለች። ከእሳቱ አውርዳ፣ ከድና፣ ትኩስ ሆኖ እንዲቆይ አመድ ዳር አስቀመጠችው። የምሳ ሰዓት አለፈ። ደወሉ ዝም አለ። ተነሥታ በኋላው ደረጃ ሥር ቆመች፤ ጨለማውን ሽቅብ አዳመጠች። ከላይ ምንም የለም። የመጀመሪያውን ደረጃ ረገጠችና እግሯን መለሰች። ሳልጠራሽ አትምጪ ተብላለች። አንድ ጊዜ ቤታቸውን ዘግታባቸዋለች፤ አሁን ደግሞ ትእዛዛቸውን ጥሳ በራቸውን ልትሰብር ነው?

የማድ ቤቱ በር ተንኳኩቶ ሚስዝ ግራይስ ራሷን አስገባች። የአልድዎርዞች ወጥ ሠሪ የነበረች ወፍራም ሴት ናት፤ ፌን ቤቱን ሲገዛ ጊዜ አላጠፋችም፣ ለሱ ሻጮች ልታበስል ሽርጧን ይዛ ተሻገረች።

“ነይ እንጂ ከኛ ጋር ሻይ ጠጪ” አለች። “ልጆቹ ስለ ስኬልስ ሱሪ የሚያወሩትን ብትሰሚ! ምን አለብሽ እዚህ ምድጃ ታቅፈሽ?”

“ደወል እጠብቃለሁ።”

“አሁንም ትደውልልሻለች? እኔ ብሆን ጥጥ በጆሮዬ ወትፌ ነበር የምቀመጠው።” ኬዝያን አየቻትና ሳቋን አቆመች። “አንቺ ልጅ፣ አልቅሰሻል እንዴ?”

“ጢሱ ነው።”

“ጢሱስ እንኳ ወደ ላይ ነው የሚሄደው” አለች ግራይስ። በሩን በቀስታ ዘግታ ሄደች። ከግድግዳው ወዲያ ሳቅና የሲኒ ኳኳታ ተሰማ። ኬዝያ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ደወሉን አየች። የማይጮኸው እሷ ስላየችው ይመስል ዓይኗን መልሳ ምድጃው ላይ ጣለች። “ጌታ ሆይ” አለች፣ “ደግ አደርጋለሁ ብዬ ያበላሸሁትን እኔ አልችለውም። አንተ አቃናው።” ከዚያ በላይ መጸለይ አልሆነላትም።

መጋዙ ዝም አለ። አናጢዎቹ ሲሰነባበቱ፣ ጋሪው ቁልቁል ሲንኮራኮር ተሰማ። መስኮቱ ግራጫ ሆነ፤ ቀጥሎም ጠቆረ። ሻማ አበራች።

ያኔ ነው በኋላው ደረጃ ላይ ኮቴ የሰማችው።

አንድ። ረጅም ዝምታ። ሌላ አንድ። መንገዱን የሚያውቅ ሰው ኮቴ አልነበረም። ከዚያ መንሸራተት፣ የሐር መቀደድና ከዘራ እየነጠረ ሲወርድ የሚሰማ ድምፅ። ኬዝያ ሻማውን ይዛ በሩን በረገደችው።

ሚስ አልድዎርዝ መታጠፊያው ላይ፣ በጨለማው ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ወይን ጠጁ ቀሚስ ጫፉ ተቀዷል። ባርኔጣቸው ኬዝያ እንዳሰረችው ነው፤ ሻላቸውም፣ ጓንታቸውም እንዳለ ነው። ከጠዋት ጀምሮ አላወለቁትም።

“እሜቴ! ተጎዱ?”

“አለሽ” አሉ። ብርሃኑ ዓይናቸውን ስለወጋው እጃቸውን ጋረዱ። “አለሽ እንዴ?”

“የት ልሄድ?”

“ደወልኩ እኮ።”

“አልደወሉም፣ እሜቴ። ከሥሩ ርቄ አላውቅም።”

“ደወልኩ! ወደ ክፍሌ ተመልሼ ትንሽ እንደተቀመጥኩ ነው የደወልኩት። ደግሜ ደወልኩ። ገመዱ ተጎትቶ እጄ ላይ ቀረ።”

ኬዝያ ወደ ኋላዋ፣ ወደ ደወሉ ዞረች። ሽቦው በየት በኩል እንደሚመጣ አሁን ታያት። በፊተኛው ደረጃ ጎን፣ ስኬልስ መጀመሪያ ከፈነቀለው ሳንቃ ኋላ ነበር የሚያልፈው። ከልስኑ ጋር ተጠራርጎ በጋሪ ተጭኖ ሄዷል። እሷ ድዳ ደወል ሥር፣ እሳቸው ድዳ ገመድ ይዘው፣ ሁለቱም ቀኑን ሙሉ ተቀምጠዋል።

“ለምን ነበር የደወሉት?” አለች፤ መልሱን ፈርታዋለች።

“ልወርድ ነበር።” ሚስ አልድዎርዝ ቀስ ብለው ተነፈሱ። “ወንበሬ ላይ ስቀመጥ ያንን ጨርቅ አሰብኩት። አባቴ ሲሞቱ የተሸፈነው በአሮጌ አንሶላ ነው፤ የተጣፈውን ሁሉ ነው ያወጡት። ያንቺ ግን አዲስ ነበር፤ የጣቃው እጥፋት ገና አልጠፋም። ለሞተ ሰው አዲስ አቡጀዴ ማን ይቀድዳል? ለክብሬ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ስህተቴን ልነግርሽ፣ ክንድሽን ይዤ ልወርድ ደወልኩ። የመለሰልኝ መጋዝ ነው።”

ኬዝያ ከታቻቸው ካለው ደረጃ ላይ ተቀመጠች።

“በሩን ከፍተው ቢጣሩ ኖሮ…”

“ከፈትኩ። አፌንም ከፈትኩ። ሰው በድምፄ ጠርቼ አላውቅም፣ ፕሩት። በዚህ ቤት ተወልጄ እስካሁን አልጮህኩም። እንዴት እንደሚጮህ አላወቅሁትም።”

ሻማው በሁለቱ መካከል ይወዛወዛል።

“መጋዙ ዝም ሲል፣ ሄዳለች አልኩ። እንደ ግራይስ። መሄድሽን ላረጋግጥ ነው የወረድኩት። ለሌላ ለምንም አልወርድበትም ነበር።” በእጃቸው ግድግዳውን ዳበሱ። “ይኼ መያዣ የለውም እንዴ?”

“የለውም።”

“ከሰሉን ይዘሽ ስትወጪ ምን ትይዣለሽ?”

“ከሰሉን።”

ሚስ አልድዎርዝ እጃቸውን ዘረጉላት፤ ኬዝያም ያዘችው። በጓንቱ ውስጥ እጃቸው የወፍ ያህል ቀለለባት። እየቀደመች፣ “እዚህ ላይ ከፍ ይላል፤ እዚህ ላይ ይጠባል” እያለች እስከ ታች አወረደቻቸው።

ማድ ቤቱ ውስጥ አንድ ወንበር ብቻ ነበር። ሌሎቹ ሠራተኞች ከሄዱ ወዲህ ሌላ አላስፈለገም። ሚስ አልድዎርዝ ተቀመጡበት፤ ኬዝያ ዝዩን አውጥታ አቀረበችላቸውና እንደ ልማዷ ከኋላቸው ቆመች። ዝዩ ደርቋል፤ ፖሙ ግን ደኅና ነበር። ጥቂት ቆረሱና ቢላዋቸውን አስቀመጡ።

“ስትቆሚ ምግብ አይወርድልኝም። ያ ሣጥን የማነው?”

“የሚስተር ፌን ነው። ጣቃ የመጣበት።”

“አምጪውና ተቀመጪበት።”

ኬዝያ ሣጥኑን ጎትታ በማዶ ተቀመጠች። ዝቅ ያለ ነበርና ራሷ ከገበታው ብዙም አልበለጠም። አብረው በሉ።

“ነገ” አሉ ሚስ አልድዎርዝ በመጨረሻ፣ “ወደ ቤተ ክርስቲያን በየት በኩል ነው የሚወጣው?”

ኬዝያ ጉርሻዋን ዋጠች። “በጓሮ በር። በከሰል ጋሪው መንገድ።”

“ጭቃ አለው?”

“ከዘነበ አለው።”

“እንግዲያው አሮጌውን ጫማዬን አዘጋጂልኝ።”

“አሮጌ ጫማ የለዎትም፣ እሜቴ።”

“እንዴት አይኖረኝም?”

“አሮጌዎቹን ለኔ ነው የሚሰጡኝ።”

ሚስ አልድዎርዝ ሻማውን አንሥተው ከገበታው ሥር አጎነበሱ። ኬዝያ እግር ላይ ያለውን ጫማ ያውቁታል፤ ቡናማ፣ በጎኑ የሚቆለፍ፣ ራሳቸው የመረጡት ነበር። ኬዝያ እግሯን ከሣጥኑ ሥር ልትደብቅ ሞከረች፤ አልሆነም።

“ልክሽ ነው?”

መዋሸት ቀላል ነበር። “ይጠበኛል” አለች።

“ይኼ ብቻ?”

“ሁሉም።”

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“አልጠየቁኝማ።”

ሚስ አልድዎርዝ ቀና አሉ። ሻማውን ወደ ቦታው መለሱ።

“ነገ በአዲሱ እሄዳለሁ” አሉ። “ጭቃው የት የት እንዳለ አላውቅም፤ አንቺ ታሳይኛለሽ። ከኋላዬ ሆነሽ ደግሞ ልታሳይኝ አትችይም፤ ከጎኔ ነው የምትሄጂው።”

ከውጭ ዝናብ መጣል ጀምሮ ነበር።